ከሐይቅ እስከ አምባሰል በማይተነፍስ ጎማ

መነሻ

እሑድ ጠዋት ከሐይቅ ስነሳ ሞተሬ ላይ ሁለት አደራ ነበረብኝ። ከኋላዬ ሸህ ኑሩ፣ ከበታቼ ደግሞ "ዕድሜ ልክ አይተነፍስም" የተባለልኝ ጎማ። ሸህ ኑሩ አልሃምዱሊላህ ደህና ናቸው። ይህን የምጽፈው ስለ ጎማው ነው። ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ንዴቴም ሐይቁን በአንድ ቀን ያፈላዋል።

የጉዞው ዓላማ ሽምግልና ነው። የእህቴ ልጅ ሰዒድ መናኸሪያው አጠገብ የሞተርና የባጃጅ ዕቃ የሚሸጥባት ሱቅ አለችው። ሱቅ ማለቴ እሱ ሲገባ ደንበኛው የሚወጣባት ሳጥን ናት። አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ በላይ ባለ መንደር፣ ዘሃራ የምትባል ልጅ ወዷል። እሷም ወዳዋለች። አባቷ ሐጂ ይመር ግን "ነጋዴ ነው፤ ቃሉን በምን አምናለሁ?" እያሉ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መልሰዋል። በእሳቸው ቤት ከሦስተኛ ሽማግሌ በኋላ አራተኛ የለም። ሦስተኛዎቹ ደግሞ እኛ ነን። ማክሰኞ ከመርሳ የሚመጡ የሌላ ልጅ ሽማግሌዎች ቀጠሮ ስላላቸው፣ ለእኛ በሰጡን ቀጠሮ ዛሬ የከሰዓቱ ዓስር ሶላት ሳይሰገድ ደጃፋቸው ካልቆምን ነገሩ አለቀ።

ሰዒድ ሱቁን እንኳ ሳይከፍት ጠብቆ ሞተሬን አስቆመኝ። በእጁ አንድ ጠርሙስ ይዟል። ጠርሙሱ ላይ ሚስማር እየረገጠ የሚስቅ ጎማ ተስሏል። ጥርስ ያለው ጎማ ሳይ ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ።

"አጎቴ፣ ይኼን ሳልሞላልዎ አይሄዱም።"

"ምንድን ነው?"

"የጎማ ማሸጊያ ፈሳሽ ነው። እሾህ ሲገባ ፈሳሹ ሮጦ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። እርስዎ ሳያውቁት ይሄዳሉ።"

"ሚስማር ቢሆንስ?"

"ሚስማር ላይ ቢያሳድሩት አይተነፍስም።"

ከጎማው ነፋስ መግቢያ፣ ከቫልቮላው፣ የውስጡን ነቅሎ፣ ጠርሙሱን በቀጭን ቱቦ አገናኝቶ፣ የፊቱንም የኋላውንም ሞላልኝ። ከዚያ ነፋስ ነፋበት። ትንሽ ነድቼ ፈሳሹ በደንብ እንዲዳረስ አደረግሁ። ሸህ ኑሩ ነጭ ጀለብያቸውን ሰብስበው ተፈናጠጡ። ሰዒድ "ዱዓ አድርጉልኝ" አለ። አደረግንለት። ያን ዱዓ አሁን ብመልሰው ደስ ይለኛል።

ወደ ሱሉላ

ሻይና ሳንቡሳ ቀምሰን ወጣን። ሳንቡሳዋ ዋጋዋ በጨመረ ቁጥር እየቀጠነች ሄዳ፣ አሁን ምስሩ አንዱ ሌላውን የሚፈልግባት ሆናለች። አስፋልቱ ግን መልካም ነው። ሐይቁ ከዛፎቹ መሐል ብልጭ ይላል፣ ባጃጆች እንደ ልማዳቸው መንገዱ የአባታቸው ርስት ይመስል መሐል ላይ ቆመው ይደራደራሉ፣ ወደ ወልድያ የሚከንፈው ሚኒባስ ጡሩንባውን ጆሮዬ ውስጥ ይነፋል። ግራና ቀኝ ማሽላው ቆሟል። ሸህ ኑሩ ከኋላዬ "ቀስ በል፣ ሙሽራው አንተ አይደለህም" ይሉኛል።

ሱሉላ ልንገባ ስንል ሞተሯ ዳሌዋን መነቅነቅ ጀመረች። ወርጄ የኋላውን ጎማ አየሁ። የግራር እሾህ ነው። የማጋነን ሰው መሆኔን የሐይቅ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ይህች እሾህ ግን በእውነት ከጥርስ መፋቂያ ስንጥር አትበልጥም። ነቀልኳትና ሰዒድ እንዳለው ፈሳሹ ሮጦ እስኪደፍን ጠበቅሁ።

ፈሳሹ ሮጠ። የሮጠው ግን ወደ ሸህ ኑሩ ጀለብያ ነው። ቢጫ፣ ዝልግልግ ያለ ነገር ከጉልበታቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ለቀለቃቸው። ጎማው አንዴ ተነፈሰና ተኛ።

ሸሁ የጀለብያቸውን ጫፍ አንስተው አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ።

"አህመድ።"

"አቤት፣ ሸህ።"

"ይኼ አብሽ ነው።"

"አይሆንም፣ ሸህ። የፋብሪካ ነው።"

"ዕድሜዬን ሙሉ ረመዷንን ያፈጠርኩበትን አብሽ አንተ ልታስተምረኝ ነው?"

እኔም አሸተትኩ። አብሽ ነው። ተዘፍዝፎ የተመታ፣ ውሃው የተጣለለት፣ ደህና ባለሙያ የሠራው አብሽ። ትንሽ ማር ጠብ ቢደረግበት ይጠጣል። ስልኬን አውጥቼ ሰዒድ ጋ ደወልኩ።

"ሰዒድ፣ ጎማዬ ውስጥ ምንድን ነው የሞላኸው?"

"የ… የጎማ ማሸጊያውን ነዋ።"

"ሰዒድ።"

"አጎቴ… እውነተኛው ትንሽ ነበር። ፈላጊው ሲበዛብኝ በአብሽ አበዛሁት። አብሽ ያብጣል፣ ይይዛል ብዬ ነው።"

"ሞክረኸዋል?"

"በሳይክል ሞክሬዋለሁ።"

"ሳይክሉስ ሄደ?"

"ቆሞ ነው የሞከርኩት።"

ስልኩን ሐይቁ ውስጥ ልወረውረው ነበር፤ ሐይቁ ርቆ ነው የተረፈው። አስቡት እንግዲህ። እኔ አገር አቋርጬ "ይህ ልጅ ይታመናል" ብዬ ልመሰክርለት ነው የምሄደው። እሱ ደግሞ የምመሰክርበትን ሞተር ማፍጠሪያ አጠጥቶ ሰደደኝ።

ሞተሯን እየገፋን ሱሉላ ጎሚስታው ጋ ደረስን። ጎሚስታው ሰፊ ሰውዬ ነው፤ ካላማዳሪያውን፣ የውስጡን ጎማ፣ ስቦ ሲያወጣ ሽታው ፊቱን መታው።

"ከሐይቅ ነው የመጣችሁ?" አለ።

"በምን አወቅህ?"

"ሰሞኑን ከሐይቅ የሚመጣ ጎማ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሸት። ማስቲሽ ስቀባበት ይንሸራተታል፣ ልጣፉ አይዝም። መጀመሪያ ማጠብ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ነው። ጎሚስታ ነበርኩ፤ ልብስ አጣቢ አደረጋችሁኝ።"

"እውነተኛውስ ፈሳሽ ይሠራል?" አልኩት።

"ለእንዲህ ያለች እሾህ ይሠራል። ለተቀደደ ካላማዳሪያ የትኛውም አይሠራም። ይኼኛው ደግሞ…" ጣቱን እያየ ፈገግ አለ፤ "ይኼኛው ለወገብ ነው።"

ለልጣፉ ከፈልኩ፣ ለማጠቢያው ለብቻ ከፈልኩ። የፊቱንም አውጥተን እንጠበው ብል ሸህ ኑሩ ፀሐይዋን አይተው "አይደርስልንም፣ እንሂድ" አሉ። ሄድን።

ውጫሌ

ውጫሌ ስንደርስ ለዙህር አዛን ተባለ። ሸህ ኑሩ መስጊዱ ቧንቧ ላይ ጀለብያቸውን አጠቡ፤ ቢጫው ግን አልለቅ አለ። ብሽቅ ብዬ "ሸህ፣ በዚህ ይሰግዳሉ?" ስላቸው "አብሽ ሶላት አያበላሽም፤ ጎማ ነው የሚያበላሸው" ብለውኝ ገቡ። በኋላ ሽሮ በላን። ሽሮው መልካም ነበር። እኔ ግን ምሳዬን አላጣጣምኩም፤ ከበርበሬው ይልቅ የእህቴ ልጅ ነበር ያቃጠለኝ።

ዳገቱ

ከውጫሌ በላይ አስፋልቱ ቀርቶ ኮረኮንች ይጀምራል። ከፊታችን የአምባሰል ተራራ ተገትሯል። በስሙ የዜማ ቅኝት የተሰየመለት ስፍራ ነው። እስከ ዛሬ ስንት ዘፋኝ አምባሰልን ሲጫወት ሰምቻለሁ፤ አንዱም ዳገቱ እንዲህ መሆኑን ሳይነግረኝ ቀርቷል። ድንጋዩ ምላጭ ነው። የአጥር እሾህ መንገዱ ላይ ፈስሷል። በአንደኛ ማርሽ እየጎተትኩ ግማሹን እንደወጣን የፊቱ ጎማ አንድ ሹል ድንጋይ ነከሰና ፏ አለ። መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ነበር፤ ሸህ ኑሩ ወገቤን ይዘው "ላ ኢላሀ ኢለላህ" አሉ። ቆምን። የቀረው አብሽ እየተንዠረገገ አፈሩ ላይ ወረደ። የአምባሰል ዝንብ ሁሉ ለሠርግ የተጠራ ይመስል መጣ።

ከዚያ በኋላ መግፋት ነው። እኔ ከፊት መሪውን ይዤ፣ አንድ የተከበሩ ሸህ ከኋላ እየገፉ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። በየእርምጃው ሰዒድን በልቤ አንድ ጊዜ ገርፌዋለሁ፤ ዳገቱ ሲያልቅ ልጁ ቆዳ አልቀረለትም።

"አህመድ" አሉኝ ሸሁ እያለከለኩ፤ "ሐጂ ስለ ልጁ ታማኝነት ከጠየቁን ምን እንላለን?"

"የልጁን ልብ እናውቃለን እንላለን።"

"ልቡን ሳይሆን ዕቃውን ቢጠይቁስ?"

እውነቱን ብንናገር ሰዒድ ዘሃራን ያጣል። ብንሸሽግ ደግሞ ሐጂ ልጃቸውን የሚሰጡት በእኛ ቃል ነው፤ ነገ አንድ ነገር ቢሆን ዋሶቹ እኛ ነን። የአንድ ፍሬ ዓሣ ታሪክ ሳወራ ጀልባ የምታህል አደርጋታለሁ፤ የሰማኝ ሁሉ ይስቅና ያውቀዋል። ይህ ግን የዓሣ ወሬ አይደለም።

ደጃፉ

ቄስ ታደሰ ከአጥሩ በር ቆመው ይጠብቁናል። የመንደሩ ሰው ናቸው፤ ሦስተኛው ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። ሞተሯ ስትቀርብ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

"ይኼ ጎማ ምን በልቷል?"

"ጠጥቶ ነው፣ አባ" አልኳቸው።

ሐጂ ይመር ወጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ሰላምታ ተለዋወጥን። "ግቡ፣ አረፍ በሉ" አሉን። በደንቡ መሠረት አልገባንም። ሽማግሌ መልሱን ሳይሰማ አይቀመጥም። ፀሐይ ላይ ቆምን።

ሸህ ኑሩ ነገሩን በወጉ አቀረቡ። ልጃችን ልጅዎን ፈልጓል፣ ዝምድናዎን ፈልገናል አሉ። ሐጂ እየሰሙ ዓይናቸው ግን ከሞተሯ አልተነሳም።

"ሞተራችሁ ምን ሆነች?"

"እሾህ ነው፣ ሐጂ" አልኩ ፈጥኜ።

"እሾሁስ የእኛ ነው። ይኼ የሚንጠባጠበው የማን ነው?"

ቄስ ታደሰ መሬት መሬት አዩ። ሸህ ኑሩ እኔን አዩኝ። ከአጥሩ ወዲያ ዘሃራ ውሃ በጆግ ይዛ ቆማለች፤ እሷም እኔን አየችኝ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ አጥብቄ መዋሸት ያማረኝ ጊዜ የለም። ውሸቱም ጥሩ ነበር፤ አንደበቴ ላይ ተዘጋጅቶ ደርሷል።

"የሰዒድ ነው" አልኩ። "የጎማ ማሸጊያ ብሎ የሚሸጠው ነው። ግማሹ አብሽ ነው። ከግማሽ በላይ ሳይሆን አይቀርም።"

ሐጂ ሞተሯን ትተው እኔን አዩኝ። ከዚያ "ለአጎቱ?" አሉ።

"ለአጎቱ።"

"ለእናንተ፣ ለሽማግሌዎቹ ይኼን ከሞላ፣ ለባዳ ምን ይሞላል? ልጄንስ እንደ እናንተ መሐል መንገድ ላይ ቢተዋት?"

ቄስ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሐጂ፣ እነዚህ ሰዎች እሾህ ነው ብለው ዝም ቢሉ ኖሮ ልጅቱን ይሰጡ ነበር ወይስ አይሰጡም?"

"እሰጥ ነበር መሰለኝ።"

"እንግዲህ ያጡትን እያወቁ ነው የነገሩዎት።"

ሐጂ ይመር ወደ ሞተሯ ሄደው ጎማውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። ጣታቸውን አሸተቱ። ጢማቸው ሥር አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ያየሁ መሰለኝ።

"መልሴ ይኼ ነው። የመርሳዎቹን በሳምንት አቆያለሁ። በሚመጣው እሑድ ልጁ ራሱ ሁለቱንም ጎማ ከሚሸጠው ነገር ሞልቶ፣ በዚሁ መንገድ ይምጣ። ሳይገፋ ከደረሰ ልጄን እሰጠዋለሁ።"

ከዚያ ወዲያ አልተከራከርንም። ገባን፣ ተቀመጥን፣ ውሃ ጠጣን። ዘሃራ ለእኔ ስትቀዳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ጋሼ፣ ነፋስ መንፊያ ይዞ ይምጣ በሉት" አለችኝ። ይህን ሁሉ ሰምታም ትፈልገዋለች። ንዴቴ ያኔ እጥፍ ሆነ፤ እንዲህ ያለችውን ልጅ በአብሽ ሊያጣት ነው።

መመለሻ

ቁልቁል ሞተሯን ይዤ ወረድኩ፤ ውጫሌ ላይ አዲስ ካላማዳሪያ አስገባሁና ሸህ ኑሩን ይዤ ጀንበር ሳትጠልቅ ሐይቅ ገባሁ። ለዳገቱ የሚገባውን ስድብ ለሰዒድ ለብቻ ይዤለታለሁ። ሰዒድ ሱቁ በር ላይ ቆሟል፤ ፊቱን ሳየው ቀኑን ሙሉ እዚያው እንደቆመ ገባኝ። የሐጂን መልስ ቃል በቃል ነገርኩት። ስለ መንፊያውም ነገርኩት። መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"አልደርስም፣ አጎቴ።"

"አውቃለሁ። ሞክሬዋለሁ። እኔ ደግሞ ቆሜ አይደለም የሞከርኩት።"

ስድቡን ልቀጥል ስል አንድ ደንበኛ ሞተሩን አቁሞ ወረደ። "ሰዒድ፣ ያችን የጎማ ፈሳሽ አንድ ስጠኝ" አለ። መደርደሪያው ላይ ጠርሙሶቹ ተደርድረዋል፤ ሥዕሉ ላይ ያሉት ጎማዎች ሁሉ ይስቃሉ።

"አልቋል" አለ ሰዒድ። ደንበኛው ጠርሙሶቹን አየ። እኔም አየሁ። ሰዒድ ቀና አለ። "አላለቀም። አይሠራም። አብሽ ነው።"

"ባለፈው የሞላህልኝስ?"

"እሱም። ና፣ ላጥብልህ።"

ጎማውን ፈትቶ ካላማዳሪያውን ሲስብ ሽታው መናኸሪያውን አለበሰው፤ የሚኒባስ ተሳፋሪ ሁሉ ማፍጠሪያ የደረሰ ይመስል ዞር ዞር አለ። አንድ ሁለት ሌሎች ሞተረኞችም ወሬውን ሰምተው እየተሳደቡ መጡ፤ ተሰለፉ። ሰዒድ አንገቱን ደፍቶ አጠበ። ሸህ ኑሩ ቢጫ የያዘ ጀለብያቸውን ለብሰው ይህን ሲያዩ ቆዩና ወደ ጥግ ሄደው ለሐጂ ይመር ደወሉ። ያዩትን ብቻ ነገሯቸው።

ከጉዞው የተማርኩትን ልናገር። እውነተኛው ፈሳሽ ትንሽ እሾህ ይችላል፤ ለሰላ ድንጋይ ግን ትርፍ ካላማዳሪያና መንፊያ ከመያዝ የሚሻል የለም። ጎማዬን ሲሞሉልኝም ከእንግዲህ አስቀድሜ አሸትታለሁ፤ ዘመድ ከሆነ ሁለቴ አሸትታለሁ።

ሸህ ኑሩ ስልኩን ዘግተው ሲመለሱ ሰዒድ እጁ እስከ ክርኑ በአብሽ ተነክሮ ቀና ብሎ አያቸው።

"ምን አሉ?"

"እሑድ ይምጣ አሉ። ጎማውን በነፋስ ብቻ ሞልቶ።"