ያልፈረምኩት የሞት ምክንያት

በደርግ ዘመን፣ ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ውጭ ልሄድ ስሰናዳ፣ አዋሳ መናኸሪያ ላይ ከአውቶቡስ አውርደው ያዙኝ። የገጠር በሽተኛ ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ለምን እንደሚሞት ለማጥናት መንደር ለመንደር እየዞርኩ ስጠይቅ ከርሜ ነበር። መርማሪው፣ "የሞተ ሰው የምትቆጥረው ለማን ነው?" አለኝ። ለትምህርቴ መሆኑን ብነግረውም አላመነኝም።

ያስገቡኝ ክፍል የእህል መጋዘን የነበረ ነው። ቆርቆሮው ቀን ይግላል፤ ግድግዳው የሻገተ በቆሎ ይሸታል። ጎናችንን የምናሳርፈው በተራ ነበር። ቦታ የለቀቁልኝ አንድ የሲዳማ ሽማግሌ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ሲዘጋ ምእመናኑን ቤታቸው ሰብስበው ሲጸልዩ የተያዙ።

"ዶክተር ነህ አሉ?"

"አይደለሁም አባባ። ልማር ስል ነው የያዙኝ።"

"የምን በሽታ?"

"በሽታ አይደለም። ሕክምናው ለምን ለሰው እንደማይደርስ ነው።"

ዙሪያውን አዩና ፈገግ አሉ። "እንግዲያ እዚሁ ተማር።"

ሳምንታት አለፉና ትኩሳት ያዛቸው። ራሳቸውን ይፈልጣቸዋል፣ ይቃዣሉ፤ ደረታቸው ላይ ሽፍታ ወጣ። ቅማል ሁላችንንም ወርሮን ስለነበር ተስቦ መሆኑ አልጠፋኝም። በሩን ደበደብኩ።

"ሐኪም ቤት ውሰዷቸው፤ በመድኃኒት የሚድን ነው!"

"ትእዛዝ የለኝም" አለ ዘበኛው።

ሆስፒታሉ በእግር የሚደረስበት ነበር። እስከዚያ ድረስ ሰውን ከሕክምና የሚያርቀው የመንገዱ ርዝመት ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌው በሲዳምኛ ይዘምራሉ፤ ድምፃቸው እየሳሳ ሄደ፤ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዝም አሉ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው አስጠራኝና ወረቀት ዘረጋልኝ። እስረኛው በቆየ የልብ ሕመም ሞተ ይላል።

"አንተ የጤና ባለሙያ ነህ፤ ፈርም። የትምህርትህ ጉዳይ ገና አልተዘጋም።" ድምፁ የወዳጅ ድምፅ ነበር።

ብዕሩን አነሳሁ። መሄድ እፈልግ ነበር፤ በጣም እፈልግ ነበር።

"ልብ አይደለም፤ ተስቦ ነው" አልኩት። "ልብሳችን ካልተቀቀለ ሌላም ሰው ይሞታል።"

"አንተም እዚያው ትቀራለህ።"

"እሺ" ብዬ ብዕሩን ፊቱ አስቀመጥኩለት።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ዘበኛ ታመመ። የልብስ መቀቀያ በርሜልም መድኃኒትም የመጣው ያኔ ነው። ልብሳችን ግቢው ውስጥ ሲቀቀል ራቁታችንን ፀሐይ ላይ ቆመን ጠበቅን። ለትምህርቱ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ሄደ። ስፈታ ዕድሉ አልፎ ነበር፤ ዶክተር ሳልባል ጡረታ ወጣሁ።

አምና አዋሳ፣ ታቦር ሰፈር ያለው ቤቴ አንዲት ሴት መጣች። የሽማግሌው ልጅ ናት።

"እርስዎ አብረውት ነበሩ አሉኝ። ለእኛ ልቡ ነው ብለውናል፤ አባቴ ግን ልቡን ታሞ አያውቅም። በምንድን ነው የሞተው?"

ለካ ሌላ ሰው ፈርሟል። ነገርኳት፤ ትኩሳቱንም፣ ያልተከፈተውንም በር፣ መዝሙሩንም። በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ስትሄድ እጄን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች።

በረንዳው ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ምነው በፈረምኩ ያልኩባቸው ዓመታት ጥቂት አይደሉም። ያን ዕለት ግን አላልኩም።