ኳሷን ሲያዩ የመጣባቸው ትሕትና

ነገሩ የደረሰው ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ነው፤ ያ የነዳጅ እጥረት አልፎ፣ ለቤንዚን ተሰልፎ መዋል ቀርቶ ሰው እፎይ ባለ ሰሞን። ከዚያ ወዲህ አንድ ትልቅ ሰው «ለወጣቶች ዕድል እንስጥ» ሲል ከሰማሁ፣ ሰውየው ምን እንደፈራ ለማየት ዞር ዞር እላለሁ።

እኔ የምኖረው ሳን ሆዜ፣ ከአክስቴና ከልጇ ከዳዊት ጋር ነው። ዳዊት ያኔ ገና የሃይስኩል ተማሪ ነበር።

ኦክላንድ ያሉት የእኛ ተማሪዎች፣ ተማሪ ከተባሉ ነው፣ ከጃማይካ ተማሪዎች የክሪኬት ግጥሚያ ጥሪ መጣላቸው። አገር ለአገር፣ ባንዲራ ተሰቅሎ። ከእኛ ወገን ክሪኬት፣ ያ የተወረወረ ኳስ በጠፍጣፋ እንጨት የሚመቱበት ጨዋታ፣ የሚያውቅ አንድም የለም። አገር ቤት ህንድ አስተማሪው ሲጫወት ያየ አለ፣ በቃ። ግን አናውቅም ማለት ነውር ስለሆነባቸው እሺ አሉ።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። እነሱ ሻይ ለመጠጣትም ስብሰባ ይጠራሉ። ቴሌግራፍ አቬኑ አጠገብ፣ የማኅበራቸው ሊቀመንበር ጋሽ ታደሰ ቤት ተሰበሰብን፤ እኔና ዳዊትም ከሳን ሆዜ ሄደን ነበር። ዳዊት ልጫወት ብሎ እጁን አወጣ።

«ልምድ የሌለው ልጅ አገር አይወክልም» አለ ጋሽ ታደሰ።

«እርስዎስ መቼ ተጫውተው ያውቃሉ፣ ጋሼ?» አልኩት።

«የሕይወት ልምድ ማለቴ ነው፣ እሙዬ።»

ቮት አደረጉ። ዳዊት ተጠባባቂ ሆነ። መጀመሪያ የሚመታው ጋሽ ታደሰ፣ ቀጥሎ ዶክተሩ፤ ዶክተር የሚሉት ትምህርቱን ገና ያልጨረሰውን ነው። እንዲህ እያለ በዕድሜ ወረደ። ዳዊት ማታ እራቱን ሳይበላ ተኛ።

የግጥሚያው ቀን ኳስ የሚወረውረው ጃማይካዊ ቀጭን፣ ረጅም ልጅ ነበር። ለማሟሟቂያ ከሩቅ ተንደርድሮ ወረወረና ከመቺው መቆሚያ ኋላ የተተከለውን እንጨት አሽቀነጠረው። ኳሷ ቆዳ ትልበስ እንጂ ድንጋይ ናት። ፊት የሚሸፍን ነገር ደግሞ የለም።

የእኛ ሰዎች ኳሷንም እንጨቱንም አዩ። ከዚያ ትሕትና መጣባቸው።

«ዶክተር፣ አንተ ቅደም።»

«ኧረ አይገባም! ጋሼ እያሉ?»

«በሞቴ!»

«እኔ ልሙት አልቀድምም!»

ሰርግ ቤት በር ላይ የቆሙ ነው የሚመስሉት። መምቻው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ጃማይካኖቹ መከባበር መስሏቸው ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ። በመጨረሻ የጋሽ ታደሰ ዓይን ዳዊት ላይ አረፈ።

«ስማ ዳዊት፣ የእኛ ዘመን አልፏል። ለወጣቱ ዕድል እንስጥ!»

ሁሉም አጨበጨቡ።

«ልምድ የለውም አላላችሁም?» አልኩ።

«ልምድ የሚገኘው በመጫወት ነው» አለኝ፣ ምንም ሳያፍር።

ላስቆመው ብዬ ዞር ስል ዳዊት ጥርሱን ገልጦ እየሮጠ ሜዳው መሃል ደርሷል።

የመጀመሪያዋ ኳስ አለፈችው። ሁለተኛዋን መታት፤ እኔ ራሴ ጮህኩ። ሦስተኛዋ ከመሬት ነጥራ አፉን አገኘችው።

ደም በደም ሆነ። የፊት ጥርሱ ወለቀ። ሮጦ የደረሰለት የወረወረው ልጅ ነው፤ ሸሚዙን አውልቆ አፉ ላይ ያዘለት። የእኛዎቹ ከቆሙበት ሆነው «አይዞህ!» ይላሉ።

መምቻውን አንስቼ ጋሽ ታደሰ ጋ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ አሁን ተራው የእርስዎ ነው።»

ወደ ጎን ዞረ። «እስቲ ዶክተር፣ በሞቴ...»

እግሩ ሥር ወረወርኩለት። ከዚያ ጨዋታው የወዳጅነት ነው ተብሎ ተጨባብጠው ተለያዩ። በሳምንቱ ደግሞ እዚያው ጋሽ ታደሰ ቤት ተሰብስበው፣ በአገር ቤቱ ትግል ለሰፊው ሕዝብ ደሙን የሚያፈሰው ማን እንደሆነ ይከራከሩ ነበር አሉ። እዚያም «አንተ ቅደም» ሳይባባሉ አልቀሩም።

ልጅ ለአገሩ ይሰለፍ ወይስ አይሰለፍ የሚለው ክርክር ዛሬም ያናድደኛል። ከሰለጠነና ከፈለገ ይሰለፍ። መከታ አድርገው ሲያቆሙት ግን ዕድል ሰጠነው አይበሉኝ።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ዳዊት ሰው ጥርስህን ምን ሆንክ ባለው ቁጥር ደረቱን ነፍቶ «ለኢትዮጵያ መጀመሪያ የገባሁት እኔ ነኝ፤ ጋሽ ታደሰ ቦታውን ለቀቀልኝ» ይላል። እኔ ማንንም የማልፈራው ሴት፣ እሱ ይህን ሲል እውነቱን ልነግረው ሳልደፍር አንገቴን እደፋለሁ።

እዚህ የጻፍኩት ስም የእሱ አይደለም። የእነሱንም ቀይሬዋለሁ፤ ለእነሱ ብዬ ግን አይደለም።