ስፖኪዮው ከኮረብታው የወረደ ዕለት

ከመቐለ የወጣነው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ትእዛዙ አጭር ነው፦ የድንበሩን መሻገሪያ ዝጉ፣ ሰው አዘዋዋሪዎችን ያዙ። ስምንት የድንበር ጠባቂዎች ነበርን። መገናኛ ሬድዮ አልተሰጠንም።

የወሎው ልጅ ሰይድ ከተቃጠለ የጭነት መኪና ላይ ስፖኪዮ ነቀለ። ጓዳችን ሃፍቶም ስፖኪዮውን ይዞ ኮረብታው ላይ ወጣ፤ እኛ ከታች ወንዙ ዳር መሸግን። ፀሐዩን በመስታወቱ ወደ እኛ ይመልሳል። ሁለት ጊዜ ብልጭ ካለ የታጠቀ ሰው መጣ ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ከሆነ መሃላቸው ታጋቾች አሉ፣ አትተኩሱ። ለወራት በዚህ ሠራን። አንድም ሰው አልሞተብንም።

ከዚያ የድንበር ጥበቃ ፕሮጀክት የሚባል መጣ። ሁለት መኪና ሙሉ እንግዳ፣ ባነር፣ ኮፍያ፣ በካርቶን የታሸገ ሬድዮ። አስተባባሪው እያለከለከ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ስፖኪዮውን ሲያይ ፊቱን አጨማደደ።

«ለድንበር ጥበቃና ለወንጀል መከላከል ይህን ያህል የሕዝብ በጀት ተመድቦ፣ በመኪና መስታወት? ፎቶ ውስጥ እንዳይገባብኝ!»

ሹፌሩን ጠርቶ ስፖኪዮውን መኪናው ውስጥ አስጣለው። ሃፍቶምን አዲስ ሬድዮ አስይዞ ፎቶ አስነሳው። ሲጨርስ ሬድዮውን ተቀብሎ ካርቶኑ ውስጥ መለሰው።

«ከሥልጠናው በኋላ ይከፋፈላል» አለ።

«እሺ ጌታዬ» አለ አሥር አለቃችን ግደይ።

ሰይድ የታደለውን ኮፍያ ደፍቶ ወደ መላጣው ሃፍቶም ዞረ። «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እንግዲህ በራስህ አብራልን!»

ሳቅን። ስፖኪዮውን መልሱልን ያለ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም የታደለኝን ኮፍያ ደፋሁ።

በማግስቱ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሃፍቶም ከኮረብታው እየሮጠ ወረደ። እጁን ያወናጭፋል። ጩኸቱ አልደረሰንም። አዘዋዋሪዎቹ አዩት። ተኩሰው መቱት። እኛ ተኮስን። ሰይድ ሊያነሳው ወጣ፤ ደረቱን ተመታ። መተኮሳችንን ቀጠልን። ታጋቾች መኖራቸውን ያወቅነው የሴቶች ልቅሶ ስንሰማ ነው።

«አቁሙ! አቁሙ!» አለ ግደይ።

ነጠላ ጫማ ያደረገች አንዲት ልጅ አሸዋው ላይ ወድቃለች። ጥይቱ የገባው ከእኛ በኩል ነበር።

ሥልጠናው መቐለ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ተሰጠ። ባነሩ ላይ ሃፍቶም ሬድዮውን ጆሮው ላይ አድርጎ ይስቃል።

«ፎቶው ላይ ያለው ጓዳችሁ የት አለ? ሰርተፍኬቱ ተዘጋጅቶለታል» አለ አስተባባሪው።

«ሞቷል፣ ጌታዬ» አለ ግደይ።

አስተባባሪው አንገቱን ደፋ። ወዲያው ቀና ብሎ በሃፍቶም ቦታ ሰርተፍኬቱን ማን ፈርሞ እንደሚረከብ ጠየቀ።

ዛሬ መቐለ፣ ሓድነት ሰፈር፣ ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ። ታናናሾቼ ስለ ድንበሩ ሲጠይቁኝ እቆጥርላቸዋለሁ፦ ሃፍቶም። ሰይድ። ስሟን ያላወቅናት ልጅ። የሞቱት ሦስት ናቸው። ያን አስተባባሪ እስከ ዛሬ እንቀዋለሁ። ግን ያን ዕለት ከሳቁት አንዱ እኔ ነኝ፤ ኮፍያውም እስካሁን ቤቴ አለ።