እህቴን ከጉማራ ወዲህ ያስቀረኋት እኔ ነኝ

ይኸን ለማንም አልተናገርሁም። ለንስሐ አባቴ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ተናግሬያለሁ፤ ድንበር መግፋቴን፣ ጠጥቼ ሰው መሳደቤን። ይኸችን ግን ጉሮሮዬ ጋ ስትደርስ መልሼ እውጣታለሁ። ፊደል የቆጠርሁት በልጅነቴ ቁሐር ሚካኤል ነው፤ እጄ አይፈጥንም። ለሌላ ሰው ባስጽፈው ግን አዝኖልኝ ያለሳልሰዋል ብዬ ፈራሁ። እንግዲህ የምታነበው ሰው፣ ቀስ ብለህ ስማኝ።

እኔ እባጭ አድን ነበር። ከአባቴ የወረስሁት ነው። ሥሩን በማለዳ፣ ከሰው ቃል ሳልለዋወጥ እቆፍራለሁ፤ ወቅጬ በቅቤ ለውሼ እባጩ ላይ አስራለሁ። ይፈርጣል፣ መግሉ ይወጣል፣ ይደርቃል። በዚህ አልዋሸሁም፤ እባጭ በእርግጥ ያድናል። አባቴ አንድ ሕግ ነበረው። መድኃኒት የታሰረለት ሰው ቁስሉ እስኪደርቅ ወንዝ አይሻገርም፤ ከተሻገረ መድኃኒቱ ይፈርሳል።

እህቴ ጥሩዬ ባሏ ከሞተ ወዲህ እኔ ዘንድ ነበር የምትኖር። አንድ ክረምት ጡቴ ላይ ጠጣር ነገር ወጣ አለችኝ። እኔ አላየሁትም፤ የእህት ገላ ነውና ነውር ነው። ሳላየው፣ እባጭ ነው፣ ምን ያስጨንቅሻል አልኋት። ወቅጬ ሰጠኋት፣ ራሷ አሰረችው።

ልጇ መሠረት ወረታ ልብስ ትሰፋለች። እንደ ሰማች በባጃጅ መጥታ ወሰደችና አስመረመረቻት። ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ ገና ትንሽ ነው፣ ባሕር ዳር ቶሎ ከሄደች ቆርጠው ያወጡታል ተብለው ተመለሱ። ከእኛ ቀበሌ ባሕር ዳር ለመሄድ ደግሞ የጉማራን ወንዝ መሻገር ነው።

እኔም የአባቴን ሕግ ጠቅሼ አትሻገርም አልሁ። መሠረት ለመነችኝ፣ አለቀሰች፣ ኋላም ተቆጥታ ሄደች። ጥሩዬ ግን ጨዋታ ወዳጅ ነበረች። በማግሥቱ ከሩዝ ማሳ ተመልሳ የእግሯን ጭቃ ስታጥብ ቀና ብላ አየችኝ።

«ወንድምዓለም፣ ሩዝ ሳርም ስውል እኮ እስከ ጉልበቴ ውኃ ውስጥ ነኝ። መድኃኒትህ እንዴት አልፈረሰም? ወይስ ውኃው አንተን ፈርቶ ነው?»

ጊዜም አልፈጀብኝ። «የቆመ ውኃ አያፈርስም፤ የሚሄድ ውኃ ነው» አልኋት።

ይኸን አባቴ አላለም። አባቴ ውኃ ለይቶ አያውቅም። እኔ ነኝ እዚያው ቁሜ የፈጠርሁት። ስፈጥረውም አውቄዋለሁ። ከአንበሳሜ ይመጡልኝ የነበሩት ሰዎች መድኃኒቴን አስረው፣ ያንኑ ጉማራን ተሻግረው አልነበር ቤታቸው የሚገቡ? ማሳደሪያ ስለሌለኝ ሕጉን አልነግራቸውም ነበር። ዳኑ። ታዲያ ለእህቴ ስደርስ ሕጉ ከየት መጣ?

እሷ አመነችኝ። «እንዲያ ከሆነ እሽ» ብላ እግሯን አደረቀች።

ለምን ዋሸሁ? እወዳት ነበር ልበል? እወዳት ነበር፤ ለዚያ ግን አይደለም። ባሕር ዳር ሂዳ ከዳነች፣ የሰው እባጭ ያድናል የተባለው ሰው የገዛ እህቱን ሐኪም አዳናት እባላለሁ ብዬ ነው። መዳኗን ፈራሁ። እኔ ነኝ ይኸን የፈራሁ።

ከወራት በኋላ ቆዳው ተከፈተ። ታውቃለህ፣ ደስ አለኝ። እባጭ ሲድን እንዲያ ነውና፣ ነቀለው እኮ ብዬ ለጎረቤት አወራሁ። መግል ግን አልነበረም፤ ደም ነው። አልደረቀምም። ሲብስባት እሷው፣ «ልሂድ እንዴ ወንድምዓለም?» አለችኝ። ሊደርቅ ሲል ነው የምታፈርሽው ብዬ ተቆጣኋት። በተከታዩ ዓመት ሩዙ ሲታጨድ አረፈች።

ዓመታት አለፉና የእኔም አንገት ሥር እባጭ ወጣ። ሥር ቆፈርሁ? አልቆፈርሁም። ለመሠረት አስደወልሁ። ይኸን አንተው ፍረደው።

መጣች። ባሕር ዳር ይዛኝ ስትሄድ፣ ሚኒባሱ ጉማራ ድልድይ ሊወጣ ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። እናቷ ነግራት ኖሯል።

«አጎቴ፣ ይኸ የሚሄድ ውኃ ነው። ላስቁምልዎ?»

ተሻገርን።

የእኔም ካንሰር ነበር። በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ጀመሩልኝ። ልማዴ ነውና ስለ ሥሬ ለወጣቱ ሐኪም ስፎክርበት፣ ልጁ አልሳቀብኝም። ከምንሰጥዎ መድኃኒት አንዱ መነሻው ዕፅ ነው፣ ግን በሽታው ምን እንደሆነ ታይቶ፣ ተለክቶ ነው የሚሰጥ አለኝ። ታይቶ ነው ያለ። እኔ ግን አላየሁም። ስለዚህ በሥሩ ላይ አላሳብብም፤ በአባቴም ላይ አላሳብብም። ሳላይ እባጭ ነው ያልሁ እኔ ነኝ። የሚሄድ ውኃ ነው ያልሁ እኔ ነኝ።

እባጩ ጠፋልኝ። አሁንም ለምርመራ የምታመላልሰኝ መሠረት ናት። አጎቴ አያውቅም ነበር፣ ባለማወቅ ነው ብላ ይቅር ብላኛለች። ማወቄን ግን አታውቅም። ይቅርታዋን ሰርቄ ነው የምኖር።

ይኸን የጻፍሁ ይቅር በለኝ ልልህ አይደለም፤ ይቅር የምትለኝ አፈር ውስጥ ናት። በቀጠሮዬ ቀን ለመሠረት እነግራታለሁ። ከተሻገርን በኋላ መንገር ብልጠት ነው፤ ድልድዩ ሳይደርስ እነግራታለሁ። ያን ጊዜ ላስቁምልዎ ካለችኝ፣ አስቁሚ እላታለሁ። ወርጄ ከጉማራ ወዲህ እቀራለሁ።