ማርትሬዛ ከሳጥኗ ስትወጣ

ሌላዋ ሴት ባሌ ቢራ ቤት ያመሻል ብላ ታማርራለች። የእኔ ባል የሚያመሸው ከከሰሩ ድርጅቶች ጋር ነው። ቀልዴን አይደለም። ጉልላት እዚህ ጀርመን ፍሉግሃፈን፣ ኤርፖርት ማለቴ ነው፣ ሻንጣ ሲጭን ውሎ ይመጣል፣ እጁን ይታጠባል፣ ልጃችንን ሃይሚን ይስማል፣ ከዚያ ከአልጋው ሥር አንድ የጫማ ካርቶን ጎትቶ ያወጣል። ካርቶኑ ውስጥ ሳንቲሞች አሉ፤ እያንዳንዳቸው መዳፍ የምታክል፣ ዙሪያዋን ጥርቅም ተደርጋ የታሸገች የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ። የሚሰበስበው ሳንቲሞቹን ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። የሚሰበስበው ሳጥኖቹን ነው።

እኔም እስኪገባኝ ድረስ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቄያለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሳንቲም የሚሰበስቡ ሰዎች አንዷ ሳንቲም ምን ያህል እንዳልተጫረች፣ ምን ያህል እንዳልደበዘዘች የሚፈርድላቸው ዳኛ ይፈልጋሉ። ዳኛው አገላብጦ ያይና ከሰባ ይሰጣታል፤ ሳንቲሟም ውጤቷ ከተጻፈባት ወረቀት ጋር ፕላስቲክ ውስጥ ትታሸጋለች። ታዲያ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ አሜሪካን አገር አንዳንድ ድርጅቶች “ሰው ይደክመዋል፣ ሰው ያዳላል፤ ኮምፒውተር ይፍረድ” ብለው ተነሱ። ማሽኑ በካሜራ እያየ፣ ጭረት እየቆጠረ ውጤት ይሰጥ ጀመር፤ ያውም ስልሳ ሦስት ነጥብ አራት እያለ፣ እየሸነሸነ። ገበያተኛው አላመነውም። ድርጅቶቹ ብዙም ሳይቆዩ ተዘጉ። ኮምፒውተሮቹ የት እንደተጣሉ እግዜር ይወቅ፣ ሳጥኖቹ ግን ከነፍርዳቸው በየሰዉ መሳቢያ ቀሩ። ዘመድ የሌላቸውን እነዚህን ሳጥኖች የሚያሳድጋቸው የእኔ ባል ነው።

በሽታውን ያስያዘው ሄር ዞመር፣ አቶ ዞመር እንደማለት፣ የሚባል ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በማይን ወንዝ ዳር አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ ይውላል። ጉልላት አንድ ቀን ጠረጴዛው ጋ ቆመና አንዷን ሳጥን አንስቶ “ይቺ ነጥብ አራት ምንድን ናት?” ብሎ ጠየቀው። ሽማግሌው ሳቀ። “እሷ ማሽኑ የሰው ዓይን የማያየውን አየሁ ሲል ነው” አለው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱን የሚለያያቸው ዝናብ ብቻ ሆነ።

ሌላው ሰው ሁሉ ሳንቲሙን ሲያይ እሱ ነጥቧን ያየበትን ምክንያት የነገረኝ ከተጋባን በኋላ ነው፤ ኤስባን የሚሉትን የከተማ ባቡር ስንጠብቅ። ጀርመን ሲገባ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ወረቀት የለውም። የተወለደበትን ቀን የምታውቀው እናቱ ናት፤ እሷ ደግሞ እሱ ሱዳን እያለ አርፋለች። አንድ ሐኪም የግራ እጁን አንጓ በራጅ አነሳውና አጥንቱ አሥራ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት ነው ተባለ። “አንተ ልጅ አይደለህም” አሉት። ትምህርት ቤት ካለው የልጆች ቤት ወጥቶ ከትልልቅ ወንዶች ጋር ካምፕ ገባ፤ የልደት ቀኑም እንደ ብዙዎቻችን ስደተኞች ጃንዋሪ አንድ ሆኖ ተጻፈ። “ዓመቱስ ይሁን፤ ነጥብ ሁለቷን ከየት አመጧት?” ይልና ይስቃል። እኔ አንድም ቀን ስቄ አላውቅም።

ሃይሚን ስወልድ እናቴ ወይዘሮ ያለምዘውድ ልታርሰኝ ከደብረ ብርሃን መጣች። የሦስት ወር ቪዛ ነው የሰጧት። እሷና ጉልላት ገና ከኤርፖርት ሳይወጡ ተዋደዱ፤ እኔን ረስተው ሻንጣ ሲነጣጠቁ በዓይኔ አይቻለሁ። እሱ “እማማ፣ ይቀመጡ” ሲል፣ እሷ “አንተ ተቀመጥ፣ ስትቆም የዋልክ ሰው ነህ” ስትል፣ ሁለቱም ቆመው ያመሻሉ። እናት አገኘ ብዬ በልቤ እልል አልኩ።

ያጋጫቸዋል ብዬ የፈራሁት ቆሻሻው ነበር። ጉልላት በቆሻሻ ነገር ከጀርመኖቹ ይብሳል። “እማማ፣ ፕላስቲክ ቢጫው ገንዳ ውስጥ፣ ወረቀት ሰማያዊው ውስጥ፣ የምግብ ትራፊ ቡናማው ውስጥ” እያለ አስተማራት። እናቴም “እዚህ አገር ቆሻሻም በየወገኑ ነው የሚቀበረው” ብላ ተደንቃ ተማረች። የእርጎ ክዳን ከነወረቀቱ ከጣልኩ እኔን ትቆጣኝ ጀመር።

አልስማማ ያለችው ቤት ድረስ እየመጣች ሃይሚን ከምታይልን አዋላጅ ጋር ነው። አዋላጇ በመጣች ቁጥር ሃይሚን ሚዛን ላይ ታጋድምና ቁጥሩን ጮክ ብላ ትናገራለች። እናቴ ልትሸፍናት ነጠላዋን ይዛ ትሮጣለች። “ሥጋ ቤት አደረጉት እንዴ? ልጅ ይመዘናል? ልጅ ይቆጠራል?” ትላለች። እሷን ስንት ልጅ አለሽ ቢሏት መልሷ “እግዜር የሰጠኝን ያህል” ነው፤ ቁጥር አፏ አይወጣም። ቁጥር ክፉ ዓይን ይጠራል ብላ ታምናለች።

ታዲያ ሄር ዞመር ለሃይሚ ስጦታ ላከ። ከነበሩት ሁሉ የሚሳሳላትን፣ ጉልላት ዓመታት ሙሉ እያያት ስጠኝ ለማለት ያፈረባትን። ማርትሬዛ ናት፤ የጠገራ ብሯ ማርትሬዛ፣ ያ የተዘጋ ድርጅት ኮምፒውተር ስልሳ ሦስት ነጥብ አራት ብሎ ያሸጋት። የአሜሪካ ዶላሮች ነበሩ በብዛት የሚታሸጉት፤ ማርትሬዛ በዚያ ሳጥን ውስጥ ሄር ዞመር በዕድሜው ያየው ይቺኑ አንዷን ነው። ጉልላት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣትና “እማማ፣ ይቺ የሃይሚ ናት” አለ።

ስታድግ ትወርሳለች ማለቱ ነበር። እናቴ ግን የሰማችው ሌላ ነው። እሷ ማርትሬዛን የምታውቃት በእናቷ አንገት ላይ ነው፤ በጥቁር ክር ተንጠልጥላ። የሃይሚ ናት ከተባለ የሃይሚ አንገት ናት። “የተባረክ ሁን፣ የእናቴን ጌጥ አመጣህልኝ” ብላ አለቀሰች። እኛም የደስታ ነው ብለን አብረን አለቀስን፤ ምን እያሰበች እንደሆነ ማን ጠየቃት?

ክርስትናው ሲቃረብ አንድ ጠዋት ጉልላት ሥራ ሄደ፣ እኔም ሃይሚን ይዤ ለቴርሚን፣ ለቀጠሮ ማለቴ ነው፣ ሕፃናት ሐኪም ጋ ሄድኩ። ስመለስ እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ፤ ፊቷ በርቷል። ማርትሬዛ መዳፏ ላይ አለች። ዙሪያዋን በጥቁር የሐር ክር እንደ መረብ አድርጋ ሠርታ፣ ለክርስትናው ካዘጋጀችው ማተብ ጋር ቋጥራታለች። ክሩ እንዴት እንደሚያምር! ሳንቲሟን አልበሳቻትም፣ አልጫረቻትም።

“ሳጥኑስ?” አልኩ።

“ኧረ ተይኝ! ምን ዓይነት ክፉ ነገር ነው? ነጭ ሽንኩርት በምትወቅጪበት ዘነዘና ነው የሰበርኩት።”

“የት አለ?”

ደረቷን ነፋች። “ፕላስቲኩ ቢጫው ውስጥ፣ ወረቀቷ ሰማያዊው ውስጥ።”

ልጄን አስታቅፌያት ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። የቆሻሻ መኪኖቹ ከእኔ ቀድመዋል። ሁለቱም ገንዳዎች ባዶ አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል። ያን ቀን የጀርመንን ሰዓት አክባሪነት ረገምኩ።

ጉልላትን ታች በር ላይ ጠብቄ ነገርኩት። ደረጃው ላይ ተቀመጠ። “አትንገሪያት” አለ። ሽቅብ ወጥቶ የእናቴን ግንባር ሳመና ማርትሬዛን አየ፤ “ሃይሚ ላይ ያምርባታል፣ እማማ” አለ። ባሌን እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም፤ እንደዚያን ቀንም አሳዝኖኝ አያውቅም።

አፉ እንዲህ ይበል እንጂ ፊቱ እሺ አላለውም። ያን ሰሞን ካርቶኑን አላወጣም። ከእናቴ ጋር መነጣጠቁ፣ ይቀመጡ ተቀመጥ መባባሉ ቀረ። እናቴ ማድ ቤት ጠርታ “ምን አስቀየምኩት?” አለችኝ። “ኧረ ደክሞት ነው” አልኳት። በማግስቱም ጠየቀችኝ፣ በማግስቱም ደክሞት ነው አልኳት። ከክርስትናው ቀጥሎ መብረሯ ነው። እንጀራዬን የሚያሳርርብኝ ሐሳብ ይሄ ነበር፤ አማቼ አኩርፎብኝ ተለያየን እያለች ደብረ ብርሃን እንዳትገባ፣ እሱም ያገኛትን እናት በአንድ ፕላስቲክ ሰበብ እንዳያጣት። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ሄር ዞመር በክርስትናው ተጋብዟል። ሳጥኗን ይጠይቃል። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ።

ሃይሚ ክርስትና ተነስታ ቤት ገባን። ሄር ዞመር ክራቫት አስሮ መጥቷል። ዶሮውን በላ፣ አላበው፣ አመሰገነ። ከዚያ ሃይሚን ልቀፍ አለ። አቀፋት፤ አንገቷን አየ። መነጽሩን አስተካከለ። ቀስ ብሎ በጀርመንኛ “ሳጥኑስ?” አለኝ።

ጉልላት ሳህን ይዞ ባለበት ደረቀ።

“ምን አለ?” አለች እናቴ።

“አማረባት ነው የሚለው።”

እናቴ ሽማግሌውን አየች፣ ጉልላትን አየች፣ ወደ እኔ ዞረች። “ልጄ፣ ጀርመንኛ አልሰማም እንጂ ፊት እሰማለሁ። አንድ ነገር አበላሽቻለሁ አይደል?”

እኔ በጀርመንኛ፣ በለሆሳስ፣ ዘነዘናውንም ቢጫውንም ሰማያዊውንም ለሄር ዞመር ተናገርኩ። ምን ምርጫ ነበረኝ? ሽማግሌው ከደረት ኪሱ ትንሿን ማጉያ መነጽሩን አወጣ፤ የክሩን መረብ በሁለት ጣቱ ያዘና ማርትሬዛን አገላብጦ አያት። ክሩንም አየ፣ አንድ በአንድ። በመጨረሻ ቀና አለ።

“ማሽኑ ስልሳ ሦስት ነጥብ አራት ብሏት ነበር” አለኝ። “የማሽኑ ወረቀት ከሌለ አዲስ ዳኛ ያስፈልጋል። እናትሽ ስንት ይሰጧታል?”

ወደ እናቴ ዞርኩ። “እማዬ፣ ከሰባ ለሷ ስንት ትሰጫታለሽ ይላል።”

ለሷ ማለት ለማርትሬዛ ነበር። እናቴ ግን ልጅቷን ከሽማግሌው ክንድ መንጭቃ ወሰደች።

“ለማን? ለሃይሚዬ? በስመ አብ! እሱም እንደዚያች ሴትዮ መዛኝ ሆነ? ልጅ ይቆጠራል እንዴ? ንገሪው፤ ልጄ ምን ይወጣላታል! ምንም አይወጣላትም በይው!”

እንዳለ ተረጎምኩለት፤ መንጨቋንም ጭምር። ሄር ዞመር እንባው እስኪወርድ ሳቀ። “ምንም አይወጣላትም” የሚለውን በአማርኛ አስጠኚኝ ብሎ ያዘኝ፤ ቃሉን እየሰባበረ ደጋግሞ አለው። እናቴ እንደ ይቅርታ ተቀበለችው፤ ፊቷ ትንሽ ተፈታ።

ጉልላት ሳህኑን አስቀመጠ። ሃይሚን ታቅፋ በተቀመጠችው እናቴ ፊት መጥቶ ቆመ። ለቀልድ ብሎ እንደጀመረው አውቃለሁ፤ ከንፈሩ ላይ ፈገግታ ነበር። ግን ቀኝ እጁ የግራ እጁን አንጓ ጥብቅ አድርጎ ይዞታል።

“እኔስ፣ እማማ?” አለ። “ለእኔስ ስንት ይሰጡኛል?”

እናቴ ሃይሚን እያባበለች ነበር፤ በቅጡም አላየችው።

“ወግድ! አንተማ ልጅ ነህ” አለችው። “ልጅ አይቆጠርም እያልኩ።”

ጉልላት ፈገግታው ጠፋ። ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ሻንጣ የሚሸከም ወንድ ሰው ነው፤ እናቴ እግር ሥር ተንበርክኮ ጭንቅላቱን ከሃይሚ አጠገብ ጉልበቷ ላይ ጣለው። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሄር ዞመር ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። እኔ እንባዬን አልደበቅሁም፤ ከማን ልደብቀው?

እናቴ ግራ ገባት። ሃይሚን በአንድ ክንዷ አቅፋ፣ በሌላው እጇ ጸጉሩን ዳበሰችው።

“ምነው ልጄ? ደከመህ?”

“አዎ፣ እማማ” አለ ቀና ሳይል። “በጣም ደክሞኝ ነው።”