በአማርኛ ራሽያ ነው

ጥዑመልሳን በወጣትነቱ መስኖ የተማረው ፍሩንዜ ነበር፤ ዛሬ ቢሽኬክ በምትባለው የኪርጊዝስታን ከተማ። ግን ስሟን ማን ያውቃታል? በደርግ ጊዜ ወደዚያ ወገን ለትምህርት የሄደ ሁሉ «ራሽያ የተማረ» ነው። እሱም ማስረዳት ሲሰለቸው ራሽያ ማለት ጀመረ። አሜሪካ መጥቶ ዳላስ አጠገብ ዩለስ ከተማ የኤርፖርት ሻትል ሲነዳም ራሽያ ነበርኩ እያለ ኖረ። ሚስቱ ስርጉትም ከዚያ ሌላ አታውቅም።

ሪታየር ሊያደርግ ሲቃረብ፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጫማውን እያወለቀ፣ ራሽያ ደርሼ ልምጣ አላት። ብቻውን ሄዶ የተማረበትን ቦታ ሊያይ ነው።

ቴሌቪዥኑ ራሽያ የገባችበትን ጦርነት ማውራት ከጀመረ ወራት ሆኖታል። ስርጉት ደነገጠች። ጎረቤት ከተማ ቤድፎርድ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያም፣ በማኅበሯም ያገኘችውን ሁሉ ጠየቀች። አንዱ ጥቁር ሲያዩ ይደበድባሉ አላት፤ ሌላዋ ፓስፖርት ቀምተው ግንባር ይልካሉ አለቻት። አንዳቸውም አገሩን አልረገጡም። እዚያ ዓመታት የኖረውን ሰው፣ አጠገቧ የሚተኛውን፣ ግን አልጠየቀችም።

እሱ ቀስ ብሎ ሊያስረዳት ሞከረ። ቋንቋው ራሽያኛ ይሁን እንጂ አገሩ ሌላ ነው፤ ጦርነቱም እዚያ የለም አላት።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ራሽያ ስትለኝ ዋሽተኸኝ ነው?»

ሳቀ። «በአማርኛ ራሽያ ነው። በካርታ ግን አይደለም።»

እሷ አልሳቀችም። «በሞቴ ተው፣ ጥዑሜ።»

በሞቴ ከተባለ በኋላ ጥዑመልሳን ክርክር አያውቅም። ተወው። የሞተው ግን እሱ ሆነ። ሪታየር ሳያደርግ፣ አንድ ቀን ከሺፍት ተመልሶ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ። ስርጉት አደጋ የለበትም ብላ ባስቀረችው አገር፣ በገዛ ሳሎኑ።

ከሙት ዓመቱ በኋላ ልዩ የምትባለው ልጃቸው ከምትኖርበት ከፍሪስኮ መጥታ፣ አባቷ ወደተማረባት ቢሽኬክ ብቻዋን ልትሄድ እንደሆነ ለእናቷ ነገረቻት። ቢሮዋ ውስጥ የዚያ አገር ተወላጅ አለች፤ እንዴት መጠንቀቅ እንዳለባት ያስረዳቻት እሷ ናት።

«ምን አለችሽ?»

«ሶ… ማታ ብቻሽን አትዙሪ፤ ታክሲ በስልክሽ ጥሪ፣ መንገድ ላይ የቆመው ውስጥ አትግቢ፤ የፓስፖርትሽን ኮፒ ያዢ፤ የሰከረ ሰው ካየሽ መንገድ ተሻገሪ።»

ስርጉት የባሰ ነገር ይመጣል ብላ ነበር።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው፣ እማዬ። ዳላስ ስሄድ አንቺ የምትዪኝ ነው እኮ። ሰው ያፈጥብሻል ብላኛለች፣ ማለቴ፣ ማፍጠጥ ብቻ።»

ስርጉት ያልተጨማደደውን የጠረጴዛ ልብስ በእጇ ደጋግማ አቃናች። በሞቴ የሚለው ቃል አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጠችው።

ጥዑመልሳን የማይሰለቸው አንድ ወሬ ነበረው፤ በዚያች ከተማ በየመንገዱ ዳር ከተራራ የሚወርድ የበረዶ ውሃ ቦይ እንዳለ፣ ተማሪ ሳሉ ሐብሐብ ያቀዘቅዙበት እንደነበር። በጀመረ ቁጥር፣ ደግሞ ሐብሐብህን አመጣኸው ትለውና ወደ ጓዳ ትገባ ነበር።

«ቦዩ እስካሁን እንዳለ እዪልኝ» አለች።

«ካለስ?»

«ካለ ኮል አድርጊልኝ፤ እዚህ ሌሊት ቢሆንም። እሱ ሲያወራኝ አልሰማሁም።»