በበሩ የቀረው ቋጠሮ

ያን ዓርብ ወደ ወልድያ የወረድነውን ሁሉ ዛሬም አስታውሳለሁ። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችን ዲያቆን ምሕረቱ ነበር። አውቶቡሱን የሚነዳው ጋሽ ይማም ነበር። አፈኞቹ መንትዮች ብርቄና ድንቄ ነበሩ። ሌሎች የላሊበላ ልጆችም ነበሩ፣ ሁሉንም ብዘረዝር ገጹ ያልቃል። እኔ ነበርኩ። ከአጠገቤ እጆቿን ጭኖቿ ላይ አድርጋ የተቀመጠችው ታደለች ነበረች። ከሁላችን ስንቅ ያልያዘች እሷ ብቻ ነበረች። እናት አባት የላትም፤ የምትኖረው አክስቷ ዘንድ ነበር፤ አክስቷ ደግሞ ለጨዋታ ተብሎ ስንቅ የምትቋጥር ሴት አልነበረችም።

ልጅ እያለሁ ከቤቴ ውጭ እህል መቅመስ ያስፈራኝ ነበር። እናቴ ናት እንዲያ ያሳደገችኝ። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ይገኛል ስንጥር» ስትል እንደ ተረት ሳይሆን እንደ ጸሎት ነበር። የሰው ዓይን ትፈራለች፤ የማታውቀውን እጅ ትፈራለች፤ በጾም ቀን ደግሞ ዘይት ነው እየተባለ የሚቀርብ ቅቤ ትፈራለች። ለዚያ ጉዞ ከዋዜማው ዳቦና የሽምብራ ቆሎ ቀይ ጥለት ባለው አሮጌ ነጠላ ቋጠረችልኝ። አስተሳሰሯን ከሺህ ቋጠሮ እለየዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ ታጠብቅና ጫፎቹን ወደ ውስጥ ትሸጉጣቸዋለች። «ጫፉ ወጥቶ ካገኘሽው ሰው ፈቶታል ማለት ነው። እንዳትቀምሺው፤ ጣዪው» አለችኝ።

ጎህ ሳይቀድ አባቴ ቋጠሮውን ይዞ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘኝና እግሬ ሥር አስቀመጠልኝ። ዓርብ ስለነበር እስከ ስድስት ሰዓት የሚነካው አልነበረም። በመንገዱ ሁሉ የናፍጣው ሽታ ከቆሎው ሽታ ጋር ተደባልቆ ነበር። ቁልቁለቱ ሲጀምር ልጆቹ ሲጮኹ ጋሽ ይማም ዞር ሳይል «አብሽሩ ልጆች! ገደሉም ዛሬ ጾመኛ ነው፣ አይበላችሁም» አለና አሳቀን።

የሄድንበት የልጆች መጫወቻ የብረት ሽቦ አጥር ነበረው፤ በአጥሩ ማዶ ቀለም የተቀቡ ፈረሶች ያሉት ሽክርክሪት ይታያል። በሩ ላይ ዱላ የያዘ ሽማግሌ ዘበኛ ቆሟል።

«ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት አይቻልም» አለ።

ዲያቆን ምሕረቱ ለመነው። «አባቴ፣ ሕፃናት እኮ ናቸው። ዓርብም ነው።»

«ውስጥ ምግብ ቤት አለ።»

«ቅቤ እንዳይኖርበት በምን እናውቃለን?»

«እኔ ዘበኛ ነኝ እንጂ ወጥ ሠሪ አይደለሁም፣ ዲያቆን።»

ስንቁ በር ላይ ይቀመጥ ተባለ። እኔ ግን ዘበኛውን ሳየው ጥርሱ ሁሉ የእኔን ዳቦ የሚጠብቅ መሰለኝ። ቋጠሮዬን አቅፌ «አልገባም» አልኩ። ያኔ ታደለች ቀስ ብላ ወጣችና «እኔ እጠብቃለሁ፤ ሽክርክሪት ራሴን ያዞረኛል» አለች። ዓይኔን ከዘበኛው ሳልነቅል ቋጠሮዬን አቀበልኳት። እስከዚያ ቀን ታደለች ሽክርክሪት የሚባል ነገር አይታ እንደማታውቅ ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም።

ቀይ ፈረስ ላይ ወጣሁ። ሌሎቹ ይስቃሉ፣ እኔ በዞርኩ ቁጥር በሽቦው ውስጥ ስንቁን አያለሁ። በአንዱ ዙር ታደለች ከስንቁ ራቅ ብላ ተቀምጣለች። በሌላው ዙር ጎንበስ ብላለች። በሦስተኛው ቀይ ጥለት ያለው ነጠላዬ ጭኗ ላይ ነው። ፈረሱ ወደ ማዶ ይዞኝ ሲዞር የማላየውን ሁሉ በልቤ አየሁት፤ ስትፈታው፣ ስትቆርስ፣ ስታላምጥ። 

ስድስት ሰዓት ላይ ወጣን። ቋጠሮዬን አነሳሁት። ሁለቱ ጫፎች እንደ ጆሮ ቆመው ወጥተዋል፤ አህያ የሚጫን ጆንያ እንደሚታሰር ነው የታሰረው።

«ፈትተሽዋል!» አልኳት።

«ከፀሐይ አነሳሁት እንጂ አልፈታሁትም።»

«ይሄ የእናቴ አስተሳሰር አይደለም!»

ብርቄ «ጅብ ነዋ ጠባቂ ያደረግነው!» ስትል ድንቄ በሳቅ ፈረሰች። ታደለች አላለቀሰችም። «ዘነቡ፣ ፍቺና እዪው» ብቻ አለችኝ። አልፈታሁትም። የእናቴ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነበር። መንገድ ዳር ካለው ቦይ ወረወርኩት፤ ውሾች ተሻሙበት። ከእኔ ቃል በኋላ ከልጆቹ እጁን የዘረጋላት አልነበረም። ዲያቆን ምሕረቱ ቆሎ ለሁለታችንም አፈሰልን። እኔ ተቀበልኩ። እሷ ግን «እስከ ዘጠኝ ነው የምጾመው» አለችው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አውቶቡስ ውስጥ ነበርን፤ ዓይኗን ከመስኮቱ አልመለሰችም።

ሲመሽ ቤት ገባሁ። አባቴ ገና ከደጃፉ «ታደለች ዳቦውን ወደደችው?» አለኝ።

«የቱን ዳቦ?»

«ጠዋት ስንወጣ የጨመርኩትን ነዋ። ያቺ ልጅ ባዶ እጇን እንደምትሄድ ሰምቼ ፈታሁና አንድ ለእሷ አኖርኩላት፤ ስትፈቺው ትርፉን አይተሽ ትሰጫታለሽ ብዬ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ ቋጠሮዋን መንካቴን ከሰማች አታስቀምጠኝም።»

 ለእሷ የተላከውን ዳቦ ነው ዓይኗ እያየ ለውሻ የጣልኩት።

በየእሑዱ ልነግራት አስብና እተወዋለሁ። ልትሰድበኝ ትችላለች፣ ለሰው ልታወራ ትችላለች እያልኩ ይቅርታዬን እንኳ ጠረጠርኩት። አንድ እሑድ ቀረች። ዘመድ መጥቶ ወደ ቆላው ወሰዳት አሉ። ብዙም ሳይቆይ እኔም ከአምስተኛ ክፍል ትምህርቴን አቋረጥኩ።

ዛሬ የልጆች እናት ነኝ። ባለፈው ክረምት ልጆቼን እንዲያ ያለ መጫወቻ ወሰድኳቸው፤ ዛሬም ስንቅ አይገባም። ያኔ በዱላ ነበር የሚከለክሉት፣ አሁን ቦርሳ ይፈትሻሉ። ልጄ «እማዬ፣ ውስጥ በርገር አለ፣ ተዪው» አለችኝ። እኔ መተው አልቻልኩም። እነሱን አስገብቼ ዳቦዬን ይዤ ከአጥሩ ውጭ ተቀመጥኩ። ፀሐዩ በረታ። ቋጠሮዬን አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኩት። ውስጥ የሚዞሩት ልጆች ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ለሚያያቸው ምን ያህል ሩቅ እንደሆኑ ያን ቀን አወቅኩ። አሁንም ያልታወቀ እጅ እፈራለሁ፤ ልጆቼን ግን «ጣሉት» አልልም፣ «ፍቱና እዩት» እላለሁ።

ታደለች ቀጭን፣ ቀይ ዳማ፣ ከግራ ቅንድቧ በላይ ትንሽ ጠባሳ ያላት ልጅ ነበረች። ያለችበትን የምታውቁ፣ ወደ ላሊበላ የሚመጣ ሰው ስታገኙ ላኩብኝ። ዘነቡ ትጠይቅሻለች በሏት። ደህና ናት ወይ?